አባቷ ያጨበጨቡበት ግጥሚያ

ወይዘሮ ጸሃይነሽ ልጃቸው ኣርሴማ ጁዶ እንድትማር የፈቀዱት ጁዶ የዋና ዓይነት መስሏቸው ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው ለንደን ውስጥ ኤድመንተን በሚባለው ሰፈራቸው መዋኛ ሕንፃ ስለነበር ፎጣና ሳሙና በቦርሳ ከትተው ላኳት። ልጅቱ ፎጣዋ ሳይርስ፣ ክርኗ ተልጦ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት!

አባቷ አቶ ተኪኤ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ ለንደን ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በቤታቸው ትግርኛም አማርኛም ይነገር ነበር፤ ከልጃቸው ጋር ግን አማርኛው አሸነፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረቃቸውን እየተቀያየሩ ወደ ውድድር ያደርሷታል፤ ወደ ውስጥ ግን አይገቡም። መኪናቸው ውስጥ ጋዜጣ ዘርግተው ይጠብቋታል።

«ልጄን ሰው ሲጥላት አይቼ መቀመጥ አልችልም» ይሉ ነበር።

በጁዶዋ የተነሣ ከለንደን ውጭ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ስኮላርሺፕ ሰጣት። ጠዋት ክብደት ታነሣለች፣ ቀን ትማራለች፣ ማታ ፍራሽ ላይ ትታገላለች። በሁለተኛ ዓመቷ የዩኒቨርሲቲዎችን ውድድር አሸነፈች፤ የብሔራዊ ቡድን መልማዮችም ስሟን መጠየቅ ጀመሩ። በሦስተኛው ዓመት ልምምድ ላይ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ኦፕራሲዮን ሆና ተመለሰች፤ እንደገና ተበጠሰ። ለብሔራዊ ቡድኑ በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ ተመረጠች። ኣርሴማ ዲግሪዋን ይዛ ኤድመንተን ወላጆቿ ቤት ገባች፤ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥም ሥራ ያዘች።

በዚህ መሐል ከዩኒቨርሲቲው ጁዶ ቡድን የምታውቃት ኬሊ የምትባል እንግሊዛዊት ጓደኛዋ ደወለችላት።

«ኑሮ እንዴት ነው?»

«ሳጥን አነሣለሁ፣ ሳጥን አስቀምጣለሁ።»

«እንግዲያው ነይና ሰው አንሺ።»

ኬሊ የወሰደቻት ሃክኒ በሚባል የለንደን ሰፈር ከባቡር ሐዲድ ሥር ባለ ዋሻ መሳይ ቤት ውስጥ ወደተከፈተ የሬስሊንግ ማሠልጠኛ ነው። ይህ እንደ ጁዶው እውነተኛ ፉክክር አይደለም፤ ትርኢት ነው። አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል። መሬቱ ግን ከስስ ስፖንጅ በታች ጣውላ ነው፤ ጣውላው ደግሞ ስለ ትርኢት የሚያውቀው ነገር የለም። ኣርሴማ ወደደችው። ስለ ጉልበቷ ማንም አልጠየቃትም። ሰው ትከሻዋ ላይ አውጥታ ስታዞር አዳራሹ ሲጮህ፣ ያን ሁሉ ዓመት በጁዶ ፍራሽ ላይ ያላገኘችውን ነገር አገኘች።

ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት አልነበራትም። እንደ ብዙዎቹ በግሏ የምትሠራ ነበረች፤ የጠራት ዘንድ ትሄዳለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ዌርሃውስ፣ ቅዳሜና እሑድ በኬሊ አሮጌ መኪና የየከተማው አዳራሽ፣ የሠራተኞች ክበብ፣ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ። ልብሷን የምትሰፋው ራሷ፣ ፎቶዋ ያለበትን ካናቴራ በር ላይ ቆማ የምትሸጠው ራሷ ነች።

አንድ የትርኢት አዘጋጅ የነብር ቆዳ ለብሳ ጦር ይዛ እንድትገባ ጠየቃት። እንቢ አለች።

«ቢያንስ ባገርሽ ቋንቋ ተራገሚ» አላት። «ሕዝቡ ይፈራሻል።»

ኣርሴማ ባማርኛ መራገም አታውቅም፤ ቤታቸው ውስጥ ተራግሞ የሚያውቅ ሰው የለም። በገመድ የታጠረው ሪንግ ላይ ወጥታ ዓይኗን አፍጥጣ፣ «ሽንኩርት አልቋል! ዘይትም አልቋል! ማን ነው የሚገዛው?» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በጩኸትና በፉጨት ተቃወማት፤ ሕፃናት እናታቸው ጉያ ገቡ። ሲመለሱ መኪና ውስጥ ትርጉሙን ለኬሊ ነገረቻት፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ይህ የእሷ መለያ ሆነ። በየግጥሚያው አፏ ላይ የመጣላትን የቤት ጣጣ ሁሉ እንደ እርግማን ታወርደዋለች።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ጭንቅላቷ በተደጋጋሚ ተመታ፤ አንዳንዴ የጀመረችው ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ይጠፋባታል። ሰኞ ጠዋት ደረጃውን የምትወርደው በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ነበር። አንድ ትልቅ የአሜሪካ የሬስሊንግ ድርጅት ለሙከራ ጠርቷት አይቶ መለሳት። ጉልበቷንም ዕድሜዋንም አልወደዱትም። ሥራዋን ግን አልተወችም። ሌላ ምን አላት?

አቶ ተኪኤ ጡረታ ሲወጡ ቅዳሜያቸው ባዶ ሆነ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጃቸውን ጠየቋት።

«ለመሆኑ ይኼ ሥራሽ ምንድን ነው? ደህና አድርገሽ ንገሪኝ።»

ኣርሴማ ከወንበሯ ተነሥታ አሳየቻቸው። ጥፊ ስትመታ በሌላው እጇ ጭኗን እንዴት እንደምታጮህ፣ ስትወድቅ አገጯን እንዴት እንደምትቀብር፣ ተጋጣሚዋ እንዴት እንደሚይዛት። አቶ ተኪኤ እንደ ሕፃን ተገረሙ።

«ታዲያ ሕመሙስ?»

«ሲያመኝም አሳያለሁ፣ ሳያመኝም አሳያለሁ።»

«የቱ እውነት እንደሆነ በምን ይለያል?»

«አይለይም አባዬ። ጥበቡ እሱ ነው። አንተ ብቻ አትደንግጥ፣ ሁሉም ስምምነት ነው።»

በሚቀጥለው ወር ሃክኒ ባለ አንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የቤተሰብ ትርኢት ነበር። አቶ ተኪኤ ሱፍና ክራቫት አድርገው፣ ካፖርታቸውን ደርበው ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ጸሃይነሽ አልመጡም። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት የኣርሴማ አባት መሆናቸውን ሰምታ፣ «አይፈሩም?» ብትላቸው፣ «የለም፣ ሁሉም ስምምነት ነው» ብለው እንደ አዋቂ አስረዷት።

ኣርሴማ እየተንጎራደደች ገባች። ገመዱን ይዛ በአባቷ ላይ ጣቷን ቀሰረችና በሚያስፈራ ድምፅ፣ «አባዬ! ካፖርትህን አውልቅ፣ ይሞቅሃል!» ብላ ጮኸች። ሕዝቡ አፏጨባት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የገባቸው አቶ ተኪኤ ብቻ ነበሩ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ካፖርታቸውንም አወለቁ።

ተጋጣሚዋ ኬሊ ነበረች። ግጥሚያው ሊያልቅ ሲል ኬሊ እንደ ልማዳቸው ወገቧን ይዛ፣ ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ አነሣቻት። ይህን ስንቴ እንደሠሩት ሁለቱም አያውቁትም። የዚያን ቀን ወለሉ ላይ ላብ ነበር፤ የኬሊ እግር ከዳት። ኣርሴማ በትከሻዋ መውረድ ሲገባት በአናቷ ወረደች።

አዳራሹ በደስታ ጮኸ።

ኣርሴማ ከገመዱ አጠገብ በጎኗ ተኝታ ነበር፤ ፊቷ ወደ አባቷ ነው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አባዬ፣ እጄ የት ነው?»

አቶ ተኪኤ ሰሟት። አጨበጨቡ። ወደ አጠገባቸው ሴት ዘወር ብለው፣ «እያስመሰለች ነው፤ እኔን ልታስቀኝ ነው» አሉ።

«አባዬ፣ አልቀልድም።»

አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው አሳዩዋት፤ ጎበዝ፣ እንደ ማለት።

ሬስሊንግ የሚሠሩ ሰዎች ከከባድ ውድቀት በኋላ በስውር እጅ ይጨባበጣሉ፤ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። ኬሊ ጎንበስ ብላ እጇን ያዘች። የኣርሴማ ጣቶች አልመለሱላትም። ደግማ ጨበጠቻት። ከዚያ ኬሊ ተነሥታ በዳኛው ላይ ጮኸች፤ ዳኛውም ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አመሳቀለ። ትርኢቱ ማብቃቱን፣ ጉዳቱም እውነተኛ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ሙዚቃው ተቋረጠ። እዚህም እዚያም ገና ያላቆመ ጭብጨባ ነበር፤ ከነዚያ አንዱ የአቶ ተኪኤ ነው።

የአንገቷ አጥንት ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰሯን ጎድቶታል። ሆስፒታል ውስጥ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። የግራ እጇ ማንኪያ ለመያዝ በቃ፤ የቀኙ አልተዘረጋም። ተደግፋ ጥቂት እርምጃ ትሄዳለች፤ የቀረው በዊልቸር ነው። የዚያ ትርኢት አዘጋጅ አበባ ላከ፤ ኢንሹራንስ እንዳልነበረውም የታወቀው ያኔ ነው። ኬሊ በየሳምንቱ እየመጣች አልጋው አጠገብ ታለቅስ ነበር። የምታባብላት ኣርሴማ ነበረች። በመጨረሻ ግን ሰለቻት።

«ኬሊ፣ ማልቀስሽን ስትጨርሺ ነይ» አለቻት።

ኬሊ ሪንግ ላይ ዳግመኛ አልወጣችም። ወደ ኣርሴማም ሳትመጣ ብዙ ቆየች።

ካውንስሉ፣ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት፣ አርችዌይ በሚባል የለንደን ሰፈር ምድር ቤት ያለ ፍላት ሰጣቸው፤ ወላጆቿም አብረዋት ገቡ። ወይዘሮ ጸሃይነሽ ገና ጡረታ ስላልወጡ ጠዋት ሥራ ይሄዳሉ። አንዲት ኬረር፣ ተከፋይ አስታማሚ፣ ትመጣለች፤ አንዳንድ ቀን ትቀራለች። የቀረው ሁሉ የአቶ ተኪኤ ነው። ያጥቧታል፣ ያለብሷታል፣ ያጎርሷታል። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል አይናገሩም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዘምራኑ ማጨብጨብ ሲጀምሩ ተነሥተው ወደ ደጅ ይወጣሉ። ባለቤታቸው አንዴ ተከትለዋቸው ወጥተው ለምን እንደሆነ ቢጠይቋቸው፣ «አየር ልቀበል ብዬ ነው» አሉ።

ባለፈው መኸር ኬረሯ በቀረችበት አንድ ጠዋት አቶ ተኪኤ ልጃቸውን ከመታጠቢያው ወንበር ወደ ዊልቸሩ ሊያዘዋውሩ አነሷት። ወገባቸው ተያዘ። ተያይዘው እርጥቡ ወለል ላይ ወደቁ። ስልኩ ወጥ ቤት ነው። አባት መነሣት አልቻሉም፤ እጃቸው የደረሰበትን ፎጣ ስበው ልጃቸውን ሸፈኗት።

«ተመታሽ?»

«እኔ እንጃ። ብመታስ በምን አውቃለሁ? አንተስ?»

«እጄን ነው መሰለኝ።»

ውጭ መኪና ያልፋል። ጎረቤት እንዲሰማ ግድግዳውን ደበደቡ፤ የመጣ የለም። ብዙ ቆይተው አቶ ተኪኤ ጣሪያውን እያዩ ተናገሩ።

«ያን ቀን ስትጠሪኝ ሰምቼሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሰምቼሽ ነው ያጨበጨብኩት።»

«አይቼሃለሁ አባዬ። ዓይንህን እያየሁ ነበር እኮ።»

«ምን አልሽ ታዲያ በልብሽ?»

ኣርሴማ ልትዋሽላቸው ትችል ነበር።

«ጠላሁህ» አለች። «ከኬሊ ይልቅ አንተን ጠላሁህ። አምቡላንስ ውስጥ እጄን ይዘህ ስትጸልይም እንደጠላሁህ ነበርኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁን በርዶኛል። ጠጋ በል።»

እሳቸውም በክርናቸው እየተሳቡ ተጠጓት።

ወይዘሮ ጸሃይነሽ ከሥራ ሲመለሱ ሁለቱንም ወለሉ ላይ አገኟቸው። የአቶ ተኪኤ የእጅ አንጓ ተሰብሮ ነበር። የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ሲያነሷቸው «መጀመሪያ እሷን፣ መጀመሪያ እሷን» ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኣርሴማ ማንንም ሳታማክር ወሰነች። ኤድመንተን አካባቢ ቀንና ሌሊት ረዳት ባለበት የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ለመግባት ማመልከቻ አስገባች፤ ተራዋ ሲደርስም ገባች። እናቷ፣ «እኛ ሳንሞት?» ብለው አለቀሱ። አባቷ አላለቀሱም፤ ልብሷን አጣጥፈው በሻንጣ ከተቱላት።

አሁን አቶ ተኪኤ በየቀኑ ይጠይቋታል። ደህና በሆነችበት ቀን ምሳዋን ያጎርሷታል፣ የሰፈር ወሬ ያወሯታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ገና በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «ዛሬ ሰው ማየት አልፈልግም፣ ሂድ» ትላቸዋለች። እሺ ብለው ይወርዱና ከመግቢያው ፊት ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንዳንዴ ሐሳቧን ለውጣ ሠራተኞቹን ትልክባቸዋለች። አንዳንዴም አትልክም።