አለቃዬ መርዝ ሊያስወጡ የተነሱ ሰሞን

ካዛንቺስ በነበረው መሥሪያ ቤታችን የክፍል ኃላፊያችን ለጡረታ የተቃረቡ፣ ቦርጫቸውን እንደ ማዕረግ ይዘው የሚዞሩ ሰው ነበሩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሆቴል ውስጥ ከተሰጠ ስልጠና ተመልሰው ሰበሰቡንና ሁላችንም ተመርዘናል አሉን። እንቁላል የማይጣበቅበት መጥበሻ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ የበርገር መጠቅለያ ሁሉ ኬሚካል አለበት፤ አንዴ ሰውነት ከገባ ደግሞ ለዓመታት አይወጣም።

«መፍትሔው ፋይበር፣ የእህል አሰር ነው፤ ጠራርጎ ያወጣዋል» አሉ።

ስልጠናው ላይ ሌላም የተባለ ነገር ሳይኖር አልቀረም። እሳቸው ግን ከምሳ በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ መተኛት ልማዳቸው ነው።

በማግስቱ ቡልጋሪያ ሰፈር ካለ ሱቅ «ዲቶክስ»፣ መርዝ ማስወጫ እንደማለት፣ ተብሎ የተጻፈበት የውጭ ዱቄት ይዘው መጡ። ጀርባውን ሳነበው አጃ ነው፣ ከነገለፈቱ የተፈጨ። ጠዋት በማንኪያ ይቅሙታል፣ ከሰዓት ይደግሙታል። ውሃ ቀድቼ ባቀርብላቸው ብርጭቆውን ገፉት።

«ኬሚካሉ እኮ ውሃ ውስጥም አለ። እኔ ላስወጣ እታገላለሁ፣ አንቺ ታስገቢብኛለሽ?»

ሳምንቱ ሳያልቅ መቀመጥ አቅቷቸው ስብሰባ ቆመው መምራት ጀመሩ። ዐርብ ዕለት ሆዳቸውን ይዘው ሲያልባቸው ሳይ በመኪናዬ ወደ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። መስቀል አደባባይ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር «ቀስ በይ እንጂ» ይላሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ሴት ነበረች።

«ሽንት ቤት ከተቀመጡ ስንት ቀን ሆነዎት?»

አለቃዬ ወደ እኔ አዩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩላቸው።

«ትንሽ ቆየት ብሏል» አሉ።

«ውሃስ እየጠጡ ነው?»

«ትቻለሁ። መርዝ አለው።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ፋይበር ያለ ውሃ ሲሚንቶ ነው። መርዙን አስወጣለሁ ብለው የሌላውንም መውጫ ዘግተዋል።»

ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችን። ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዳንዶቹ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይወርዳሉ፤ አንጀት ደግሞ መልሶ ይመጥጣቸዋል። የገብስና የአጃ ፋይበር ውሃ ሲያገኝ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ሐሞቱን ከነኬሚካሉ ይዞ በሰገራ ሊያወጣው ይችላል። ጥቂት ጥቂቱን፣ ቀስ እያለ። ጥናቱም ገና ነው። የዓመታትን ክምችት በሳምንት የሚጠርግ ዱቄት ግን የለም።

«ገብስና ምስር ይብሉ፤ ውሃ ይጠጡ» አለቻቸው።

«ገብስ?» አሉ ቅር ብሏቸው። «ዱቄቱ እኮ የውጭ ነው።»

ሐኪሟ ያዘዘችላቸው የሆድ ማለስለሻ መድኃኒት ሠራላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ሠራተኛው በሙሉ ተጠርቶ ስለ ፋይበርና ስለ ውሃ ረጅም ገለጻ ሰጡ፤ «በራሴ ላይ ሞክሬ ያረጋገጥኩት ነው» እያሉ። ስለ ክሊኒኩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አዳራሹ አጨበጨበ። የዓመት ፈቃዴ ገና እሳቸው ጋ ስላልተፈረመ እኔም ደህና አድርጌ አጨበጨብኩ።