ቀይ ክብ የተደረገባቸው ስሞች

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንገር ጉቲን አካባቢ የሚገኝ የአንድ ቀበሌ ጤና ኬላ ታሸገ። ያሸገው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። በሩና መቃኑ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለጠፈ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ውጭ ቆማ ታይ ነበር።

ምክንያቱ አንድ ደብተር ነው። ከአንድ ቀን በፊት አንድ አርሶ አደር ለታመመ ልጁ መድኃኒት ሊወስድ ገባ። ሠራተኛዋ መድኃኒቱን ልታመጣ ወደ ውስጥ ስትል ጠረጴዛው ላይ ክፍት የነበረውን የእናቶች ደብተር አየ። የሚስቱን ስም አገኘው። በስሙ ዙሪያ በቀይ እስክሪብቶ ክብ ተደርጓል። ከላይና ከታች ያሉት ሴቶች ክብ የላቸውም። ሚስቱ ከወለደች አራት ዓመት አልፏታል። ቀኑ ሳይመሽ ወሬው ቀበሌውን አዳረሰው፤ ክብ የተደረገባቸው ሴቶች ሳያውቁ ማህፀናቸው የተዘጋባቸው ናቸው ተባለ።

በዚህ አካባቢ የስም ዝርዝር ቀላል ነገር አይደለም። ካለፉት ዓመታት ወዲህ ስም የተጻፈበት ወረቀት ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ጻፈው፣ ለማንስ ሊሰጠው ነው የሚለውን ነው። ከነዋሪው የሚበዛው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጣ ሰፋሪና የሰፋሪ ልጅ ነው። ሠራተኛዋ የነቀምቴ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። ይህን ጮክ ብሎ ያነሳ አልነበረም። ያላሰበውም አልነበረም።

እኔ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ተቀምጬ ለአንድ ጋዜጣ እጽፋለሁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። የሄድኩት ሁለቱንም ወገን ተጠራጥሬ ነው። ስለ መርፌ የሚወራ ወሬ ብዙ ጊዜ አጣርቻለሁ፤ አብዛኛው ባዶ ነበር። ነገር ግን ክንዷ ውስጥ የተቀበረውን የእርግዝና መከላከያ አውጡልኝ ብላ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ የሚያወጣላት ያጣች ሴትም አውቃለሁ። ስለዚህ ውሸት ነው ብዬ አልጀመርኩም።

ሊቀመንበሩ ቤቱ አስገብቶ ደብተሩን አሳየኝ። ከእሱና ከእኔ በቀር ገጾቹን ያገላበጠ ሰው አልነበረም፤ አርሶ አደሩም ያየው አንዱን ገጽ ብቻ ነው። ሠላሳ አራት ስም ቆጠርኩ። ክብ ያለባቸው አሥራ አንድ ናቸው። ቁጥሩን ጻፍኩ፤ በየስሙ ፊት ያለውንም ቀን ገለበጥኩ።

«የእኔዋ ክብ የላትም፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ የሚስቱን ስም በጣቱ እየነካ። ሚስቱ አጠገባችን ነበረች፤ የስምንት ወር እርጉዝ ናት። ደብተሩን ስንጨርስ ተቀብላ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበትና ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረችው።

ሠራተኛዋን ያገኘኋት በተከራየችው ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ወጣት ናት፤ ጫማዋን እያጠበች ነበር።

«ክቡ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የእኔ ምልክት ነው።»

«የምን ምልክት?»

«ጋሼ፣ ሌላ ነገር ይጠይቁኝ።»

«ሌላ የምጠይቅሽ የለኝም። ሰኞ ስብሰባ ተጠርቷል። እዚያም ዝም ካልሽ ለፖሊስ እናስረክባታለን ብለዋል።»

«ነግረውኛል» አለችና ሁለተኛውን ጫማ አነሳች።

የምትደብቀው ነገር እንዳለ ገባኝ። የራሷ ይሁን የሌላ ሰው አላወቅኩም።

አርብ ማስታወሻዬን ከስልኬ የቀን መቁጠሪያ ጋር አመሳከርኩ። ደብተሩ ሁለት ዓምድ ነበረው፤ የቤት ጉብኝት የተደረገበት ቀንና አገልግሎት የተሰጠበት ቀን። ክብ የሌላቸው ሴቶች ሁሉ ቤታቸው ተጎብኝቷል። የአሥራ አንዱ የቤት ጉብኝት ዓምድ ባዶ ነው። አገልግሎት ያገኙባቸው ቀኖች ደግሞ ያለ አንዳች ልዩነት ቅዳሜ ናቸው። ቅዳሜ ጤና ኬላው ዝግ ነው። ይህን ሳይ ጥርጣሬዬ ባሰ። ክብ የተደረገባቸው ሴቶች ምን ተሰጣቸው፣ የትስ ነው የተሰጣቸው?

ቅዳሜ ጠዋት ከቤቷ ማዶ ካለ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ጠበቅኳት። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ ራቅ ብዬ ተከተልኳት። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ አንዲት ሴት ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለቻት። ዞር ብላ አየችኝ። ሳትገባ ተመለሰች።

እኔ ገባሁ። በዚያ ቀበሌ ወፍጮ ቤት የሴት ነው። ባል በቆሎውን አህያ ላይ ይጭን እንደሆነ እንጂ አይከተልም። ሴቶቹ ጆንያቸውን በተራ አሰልፈው ግማሽ ቀን ይጠብቃሉ። ብቸኛው ወንድ ወፍጮኛው ነው፤ እሱም ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እህሉ ሲወርድ ይጠብቃል።

«ውይ፣ ወንድ! ምን ልታስፈጭ ነው?» አለች በር ላይ ያለችው።

«ወሬ ነው እንጂ። ጆንያ የታለው?» አለች ሌላዋ።

«ኮቱ፣ ኮቱ! ና ተሰለፍ!» አለች አንዲት ወጣት፣ ግማሹን በኦሮምኛ። «ወሬህን አድቅቀን እንፈጭልሃለን!»

ሳቁ። ሞተሩ ተነሳና ሳቃቸውን ዋጠው። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው በጆንያ መጋረጃ ወደ ተከለለችው እህል ማስቀመጫ ወሰዱኝ። አንድ በርጩማ ብቻ አለ። ጆሮዬ ሥር ካልሆነ የሚሉት አይሰማም ነበር።

«ደብተሩን አየኸው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስሞቹንስ?»

«አየሁ።»

«አንዷ የእኔ ልጅ ናት። ቤታችን አትምጪ ያልናት እኛው ነን። ከሷ በፊት የነበረችው ልጅ ሰው ቤት ገብታ፣ ባል በተቀመጠበት፣ የመርፌሽ ቀን ደርሷል ብላ ተናገረች። ያቺ ሴት ያን ዕለት ተደብድባ ወደ እናቷ ቤት ተባረረች፤ ልጆቿን እስከ ዛሬ አላገኘችም። ይቺ ደግሞ ተዘንግቷት አንድ ቀን እንዳትመጣ ምልክት አደረገች። በቃ፣ ይኸው ነው ክቡ። ቅዳሜ ጆንያችንን እናሰልፋለን፣ እዚህ ገባ ብለን እንወጋለን። ባሎቻችን የሚያዩት ዱቄቱን ነው።»

«ይህን ብትናገሩላት ነፃ ትወጣ ነበር።»

«እሷስ ትወጣለች። ልጄስ? ለባሏ ማን ነው የሚነግረው፣ አንተ? ጻፈውና እይ።»

አንድ ምንጭ አይበቃም። ሁለት ሴቶችን ለየብቻ ጠየቅኩ። አንዷ የወሎ ሰፋሪ ልጅ፣ አንዷ የአካባቢው የኦሮሞ ቤተሰብ ልጅ ናት። ሁለቱም የእርግዝና መከላከያ መርፌውን ጠይቀው፣ ምን እንደሆነ አውቀው ነው የወሰዱት። ሁለቱም ክብ አለባቸው።

እሑድ ዘገባውን ጻፍኩት። ሠራተኛዋን ነፃ የሚያወጣው አንቀጽ ያው ሴቶቹን ለባሎቻቸው የሚናገረው አንቀጽ ነበር። እሱን ስሰርዘው ደግሞ የቀረው ክስ ብቻ ሆነ። አዘጋጁ ሁለት ጊዜ ደወለ። አልላክሁትም።

ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተጀመረ። ወንዶቹ ዴስኩን ሞልተውታል፤ ሴቶቹ በግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ሠራተኛዋን አስነስቶ ጠየቃት።

«ክቡ ምንድን ነው?»

«የእኔ ምልክት ነው።»

«እንግዲያው ክብ ያለባቸውን አነባለሁ። ስሟን የሰማች ትነሳ፤ ባሏም ይስማ።»

ደብተሩን ከቤት እንዲያመጡለት ላከ። ያመጣችው ሚስቱ ራሷ ናት፤ ሆዷን ደግፋ ቀስ እያለች ገባች። ሰጥታው ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች። አሮጊቷ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ነበር።

ሊቀመንበሩ አንድ ስም አነበበ። ሁለተኛ አነበበ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ከዚያ ገጽ ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ።

«አንብብ እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ያ አርሶ አደር ተነስቶ ትከሻው ላይ ተንጠራራ። «ሁሉም ተከቧል» አለ። «ሠላሳውም፣ ምኑም! ያንተዋም አለችበት!»

«የሊቀመንበሩ ሚስት?»

«ክብ ናት!»

«ማህፀኗ ተዘግቶ ነው እንዲህ የገፋችው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋዜጠኛው አይቷል። ቆጥረሃል፣ ጽፈሃል። ሐሙስ ዕለት ስንት ነበሩ? ተናገር!»

አሥራ አንድ የሚለው ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ማስታወሻዬን ስብሰባ ላይ አላነብም» አልኩት።

«አይተሃል ወይስ አላየህም?»

«አይቻለሁ። አላነብም።»

ፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ደብተሩ ከሐሙስ ጀምሮ ማን ጋ ነበር?»

«እኔ ጋ።»

«እንግዲያው እኛን ምን ትጠይቀናለህ፣ ልጄ?»

ሊቀመንበሩ የሚስቱን መቀነት አየ፤ ከዚያ ደብተሩን ከደነው። አጠገቡ ስለነበርኩ አዲሶቹ ክቦች ከቀድሞዎቹ ፈዘዝ ያሉ መሆናቸውን አይቻለሁ። ማን እንዳደረጋቸው አልጠየቅኩም፤ አላረጋገጥኩም።

ያ አርሶ አደር ግን አልሳቀም። ግቢው ውስጥ ጠብቆ ያዘኝ።

«የእኔዋስ? በፊትም ተከባ ነበር። እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ። ሌሎቹስ ያን ጊዜ ተከበው ነበር?»

«ለሊቀመንበሩ ያልኩትን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ» አለ። ፊቴን ብዙ አየው። ሄደ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተቀደደ። ደብተሩ ለሠራተኛዋ ተመለሰላት። ፖሊስ አልተጠራም።

ቅዳሜ፣ ጥር 24 ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሠራተኛዋ ቦርሳዋን አንግታ ወፍጮ ቤት ገባች። ከበሩ ውጭ አሥራ ሰባት ጆንያ ተሰልፎ ነበር። ያ አርሶ አደር ከመንገዱ ማዶ፣ አህያው አጠገብ ቆሟል።