የስንሻው የዓርብ ቤት

ስንሻው በሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ የሰሊጥ ጥራት መመዘን ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቱቦ መሳይ ሹል ብረቱን በጆንያው አናት፣ ወገብና ግርጌ ይወጋል፤ የወጣውን በመዳፉ አሽቶ እፍ ካለ በኋላ አፈሩ ስንት፣ ፍሬው ስንት እንደሆነ ይናገራል። ከጆንያው አፍ ብቻ ዘግኖ የሚገዛ ነጋዴ ያገኘ ቀን ሲስቅበት ይውላል።

አከራዩ ክፍሉን ከካርቱም ሸሽተው ለመጡ ዘመዶቹ ፈለገው። አሠሪው ሐጂ ኑዕማን ዶካና ባሱንዳ በሚባሉት ከተሞች መጋዘን ስላላቸው፣ «ክረምቱ ሳይገባ አንዱን መርጠህ ተዛወርና መጋዘኑን ጠብቅ» አሉት።

«ዶካ አውራ ጎዳና ላይ ነው» አለች ሚስቱ ደብሪቱ። «ክሊኒክ አለ፣ አውቶቡስ አለ።»

«የጭነት መኪናም አለ። መክሊት እንዴት ትተኛለች?»

«የአምስት ወር ልጅ ላይ አታሳብብ። እዚህ መኪና ማቆሚያው ሥር ሆና ትተኛለች። የማትተኛው አንተ ነህ።»

እውነቷን ነበር።

የዕረፍት ቀኑ ዓርብ ብቻ በመሆኑ አንዱን ዓርብ ዶካን፣ ሌላውን ባሱንዳን አየ። በባሱንዳ ያየው ቤት ቆርቆሮ ጣራ ላይ ርግብ ስትራመድ ኮቴዋ ይሰማል። ስንሻው እንዲህ ያለ ጸጥታ በምድር ላይ መኖሩን አያውቅም ነበርና ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ይሄ አጠገቡ ያለው ምንድን ነው?» ሲል የቤቱን ባለቤት ሙዳሲርን ጠየቀው።

«ዛሬ ጁምዓ ነው፣ ዝግ ነው።»

«ጥሩ» አለ ስንሻው፤ ቀብዱንም እዚያው ከፈለ።

በሚቀጥለው ዓርብ ጓዛቸውን ጭነው ገቡ። ማታውኑ የመጀመሪያው ዝናብ ወረደ፤ መንገዱ ትራክተር የሚውጥ ጥቁር ጭቃ ሆነ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ እየተራመደ እስከ ጫፉ ሄደ። የተዘጋው ቤት የማሽላ ወፍጮ ነበር።

ደብሪቱ ብርጭቆውን ያዘችው። «ከጆንያው አፍ ነው የዘገንከው» አለች።

ስንሻው ልጅቱ እየጮኸች ይሆናል ብሎ ዞረ። መክሊት ጡጫዋን አገጯ ሥር አድርጋ እንቅልፏን ትለጥጣለች። ስድስቱን ቀን እንዲሁ ተኛች። መጋዘኑ እስከ አጨዳ ባዶ ነው፤ የስንሻው ሥራ ቁልፉን ይዞ መተኛት ብቻ ነበር፤ መተኛቷን ግን አልቻላትም።

ዓርብ ሆነና ወፍጮው ዝም አለ። የርግቢቱም ኮቴ ተመለሰ። ስንሻው አልጋው ላይ እንደ ጌታ ተዘረጋ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። መክሊት ዓይኗን ገልጣ ያንን ጸጥታ ሰማችውና ጣራው እስኪነሳ አለቀሰች። ጡት እንቢ አለች፤ እሹሩሩም እንቢ አለች።

«በል፣ ጸጥታህን ተቀበል» ብላ ደብሪቱ ልጅቱን ደረቱ ላይ አኖረችለት።

እኩለ ቀን ላይ ሙዳሲር ከመስጊድ ሲመለስ ባጥሩ በኩል አንገቱን አስገብቶ ቆመ። ስንሻው ልጅቱን ታቅፎ ግቢውን ይዞራል፤ ጉንጩን ነፍቶ፣ «ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ» ይላል። መክሊት ተኝታለች።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ ስንሻው» አለ ሙዳሲር፣ «ዛሬ እኮ ጁምዓ ነው፣ አይፈጭም።»

ስንሻው እንዳትነቃበት ፈርቶ ዱግ ዱጉን ቀጠለ።