የትርንጎ ሳል

ከቢቸና የወጣሁ ለት ገና ዶሮ አልጮኸም። እህቴ ጥሩወርቅ ከሞጣ መጥታ አድራ፣ "እታለም፣ አንቺ ከሄድሽ እኔን ማን ይቀብረኛል?" እያለች ነጠላዬን ይዛ አልለቅም አለች። "ጀርመን ሄጄ ልጆቹን ላይለት እንጂ ልቀር ነው እንዴ?" አልኳት። ይኸው ቀረሁ። ጻፊው ህሊና፣ ቀረች በይ።

የወሰደኝ ልጄ ነው። ሁለቱን ሴት ልጆቹን ቀድሞ ወስዷቸው፣ እሱ መኪና ሲነዳ ውሎ ሲያድር እነሱን የሚያይለት ሰው ጠፋ። ትልቋ ትርንጎ ናት፣ ሐኪም ልትሆን የምትማረው። ትንሿ ይችው የምትጽፍልኝ ናት።

አውቶብሱ ደጀንን አልፎ አባይ በረሃ ሲወርድ ሙቀቱ እሳት ሆነ። አንድ ጎረምሳ መስኮት ከፈተ። ኧረ እንዴት ጮኽንበት! "ዝጋው! ንፋስ ልታስመታን ነው?" ከኋላዬ ያለችው ሴት እያስመለሳት እንኳ "ዝጋው" ትላለች። ዘጋው። በላብ ተዘፍቀን፣ ግን ንፋስ ሳይመታን አዲስ አበባ ገባን።

ጀርመን ስደርስ ፖሊሱ ሻንጣዬን ፈታ። በርበሬውን አይቶ አለፈው። የደረቀ ዳማከሴዬን ሲያገኝ ሌባ የያዘ ይመስል አፈጠጠብኝ። አስተርጓሚ ልጅ ተጠራች።

"ምንድን ነው ይላል፣ እማማ።"

"የምች መድኃኒት ነው በይው።"

"ምች የሚባል በነሱ ቋንቋ የለም፣ እማማ።"

"በሽታው ባይኖር ነዋ! እኔ ካገሬ ይዤው መጥቼ ቢሆንስ?"

ልጅቱ ሳቀች። ፖሊሱ ግን ዳማከሴዬን ቆሻሻ ውስጥ ጣለው።

የዚህን አገር ብርድ እንዴት ልንገራችሁ? የኛ የሐምሌ ብርድ እኮ ጨዋ ነው፣ እሳት ሲያይ ይሄዳል። የዚህኛው አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ቅቤው ሽታ የለው፣ ጎረቤቱ ደህና አደርሽ አይል። እኔም መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፍኩት።

ያን ጊዜ ነው ትርንጎ ሬሳ እየቀደዱ የሚማሩትን ትምህርት የጀመረችው። በሕይወት ሳሉ "ስሞት ተማሪ ይማርብኝ" ብለው የተናዘዙ ሰዎች ናቸው አለችኝ። "ሳይቀበሩ? ለቅሶስ ተለቅሶላቸዋል?" ብላት፣ "ትምህርቱ ሲያልቅ ይቀበራሉ" አለች። ሬሳው እንዳይበሰብስ ፎርማሊን በሚሉት መድኃኒት ነክረው ነው የሚያቆዩት። እሷ ከላዩ ጎንበስ ብላ ትውላለች። ማታ ስትመጣ ጋዋኗን ከመኝታችን በር ኋላ ትሰቅለዋለች። ሽታው ሚጥሚጣ ሲወቀጥ እንደሚሰነፍጠው ነው፣ ዓይን ያስለቅሳል። ድሮም ደረቷ ደካማ ነበር፣ መሳል ጀመረች። መጀመሪያ ደረቅ ሳል፣ ኋላ ሲር ሲር የሚል። ብርድ ነው ብዬ መስኮቱ ላይ ጨርቅ ጨመርኩ።

አከራያችን እንደኔው ያረጀች ሴት ናት። አንድ ቀን ገባችና አፍንጫዋን ይዛ "ሉፍተን! ሉፍተን!" እያለች መስኮቱን በረገደችው። ዘጋሁት። ከፈተችው። ዘጋሁት። ህሊና ከመሀላችን ቆማ ታስተረጉማለች።

"አየር ካልገባ ግድግዳው ይሻግታል ትላለች፣ እማማ።"

"ግድግዳው ይሻግት፣ ልጅቱ ትዳንልኝ በያት።"

"ልጅቱስ በምን ትተንፍስ? ትላለች።"

"በአፍንጫዋ ነዋ! ይሄ ደግሞ ይጠየቃል?"

ብዙም አልቆየ፣ ትርንጎ ደረጃ መውጣት አቅቷት ቁጭ አለች። እጇን ይዛ ያስገባቻት ያችው አከራያችን ናት። በማግስቱ ትርንጎ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ተመለሰች።

"ሳንባሽ ተቆጥቷል አለኝ፣ እማማ። የፎርማሊኑ ትነት ነው። ልብሱ ከቤት ይውጣ፣ መስኮት ይከፈት አለ። ካልተሻለኝ ትምህርቱን እንዳቋርጥ ነው።"

ጨርቁን ከመስኮቱ ነቅዬ ጣልኩት። ጋዋኑ በረንዳ ላይ ተሰቀለ። አሁን ጋቢዬን ተከናንቤ፣ በረዶው እየገባብኝ፣ መስኮት ከፍቼ እውላለሁ። የቢቸና ሰው ቢያየኝ አበደች ይል ነበር።

ሳሉ ቀነሰ እንጂ አልሄደም። አፏን ሸፍና ሬሳው ክፍል ትገባለች፣ እየወጣች ትተነፍሳለች፣ ትመለሳለች።

"ተይው ልጄ፣ ሌላ ትምህርት ጠፋ?" አልኳት።

"ይሄን ሳያልፉ ሐኪም አይኮንም፣ እማማ።"

"ሐኪሟ ከሞተች ማንን ልታድን ነው?"

"የእናቴን ቃሬዛ እያለቀስኩ የተከተልኩት እኔ ነኝ" አለችኝ።

እናታቸው ከሞጣ ወዲያ ገጠር ውስጥ ይችን ህሊናን ወልዳ፣ ደሙ አልቆም ብሏት፣ ሐኪም ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ ነው የቀረችው። ጻፊ ህሊናዬ። እዚህ ላይ አታቁሚ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ባለፈው እሁድ ጥሩወርቅ ደወለች። ጤፉ ታጭዷል፣ ውቂያ ላይ ነን አለች። "ሰፈሩ ሁሉ ዶክተራችን መቼ ትመጣለች እያለ ይጠይቀኛል" አለች። ያን ጊዜ ከኋላዬ ሳሉ መጣ፣ ረጅሙ፣ ሲር ሲር የሚለው።

"ማነው እንዲህ የሚስለው?"

ትርንጎ አፏን በእጇ ይዛ አየችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "መስኮት ከፍቼ ንፋስ መትቶኝ ነው።"

"ወይኔ እታለም! ምን ነክቶሽ ትከፍቻለሽ? ዝጊው እንጂ!"

"እሺ፣ እዘጋዋለሁ" አልኳት።

ስልኩን አስቀመጥኩና መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።