ደብሪቱ ሳይነጋ የጠራችው ሰው

ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብላ ባለች መንደር የምትኖረው ደብሪቱ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። በስድስቱ ዓመት ውስጥ መንደሩ በወሬ አራት ጊዜ ድሯታል፤ ደጋሿም አጃቢዋም አጥር ላጥር የምትዋሰናት ዘነበች ነበረች። ሙሽራው ብቻ ነው ያልተገኘው።

የደብሪቱ ጭንቅ ግን ባል አልነበረም፤ ቡሬ ነበረች። ቡሬ የፈረንጅ ዲቃላ ላም ናት፤ ቆላው ሲግል ምላሷን አውጥታ የምታለከልክ፣ ቀትር ላይ ውኃ ካላፈሰሱባት ሣር የማትቀምስ ቅምጥል። ወተቷ ሁሉን ያስረሳ ነበር። አሁን ወተቷ እየነጠፈ ነው፤ በሞተሩ ዘር ይዞ እየዞረ ላም የሚያስጸንሰው አዳቃይ፣ ወጣቱ ሱፍዋን፣ ሁለት ጊዜ ቢመጣም አልያዘችም።

ታላቅ ወንድሟ በላይ ቁርጡን ነገራት። "በሦስተኛው ካልያዘች ለፋሲካ ቅርጫ ትገባለች። መሲና ላም ልትጦሪ ነው እንዴ?"

ለላሟ የማሽላ አገዳ የሚሰጣት ደግሞ እሱ ነው።

ሱፍዋን ጥፋቱን አልሸሸገም። "እትዬ ደብሪቱ፣ ሁለቱንም ጊዜ በቀትር ነው የደረስኩት፤ በዚህ ሙቀት ጽንስ አይረጋም። ኮርማ የመፈለጓን ምልክት አመሻሽ ላይ ካዩ ወዲያው ይደውሉልኝ። ኢንሻአላህ ጎህ ሲቀድ እደርሳለሁ።"

በጥር አንድ አመሻሽ ቡሬ አጥሩን እየታከከች እምቧ እምቧ ትል ጀመር። በሰፈሩ ኔትወርክ ያለው አንድ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ዘነበች አጥር ሥር ነው። ደብሪቱ ወጣችበትና ያለ ስልክም ካራቆሬ ከተማ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጮኸች፦

"ሱፍዋን! ዛሬ ነው! ሳይነጋ ድረስልኝ! እንዳለፈው በፀሐይ መጥተህ እንዳታበላሽብኝ!"

የዘነበች ወጥ አረረ። ማን ወጥ ያስታውሳል? ወሬው ከደጇ ሲወጣ "ደብሪቱ ሰው ቀጠረች" ነበር፤ በላይ ቤት ሲደርስ "በሞተር ልትኮበልል ጓዟን ሸክፋለች" ሆነ።

ጎህ ሲቀድ ሞተሩ ተሰማ። በላይ ጋቢውን በቅጡ ሳያጣፋ ዱላውን ይዞ ከተፍ አለ። ዘነበችም ባዶ ሲኒና "ጨው አለቀብኝ" የሚል ሰበብ ይዛ ተከተለች። በላይ በሩን በርግዶ ሲገባ ሱፍዋን እስከ ትከሻው ጓንት አጥልቆ ክንዱን በቡሬ ኋላ ሰዷል።

"ጋሼ በላይ፣ እንኳን መጡ!" አለ ሱፍዋን አንገቱን ብቻ መለስ አድርጎ። "ዱላውን ይጣሉና ቀንዷን ይያዙልኝ፤ አስቸገረችኝ።"

በላይ ምን ያድርግ? ያዘ። ለቢላ ያጫትን ላም ግንባር ለግንባር ገጥሞ "እሺ እናቴ፣ የኔ ሆድ፣ አሁን ያልቃል" እያለ ሲያባብላት ደብሪቱ ሳቋን በሻሿ አፈነች።

"ይኸው ነው?" አለች ዘነበች፣ ቅር ብሏት።

"ምን ጠብቀሽ ኖሯል? ጨውሽን ውሰጂ" አለቻት ደብሪቱ።

ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀር ሱፍዋን ሊመረምር ተመለሰ። ደብሪቱ የቡሬን ቀንድ ይዛ ቆመች። በላይም ሥራ የፈታ መስሎ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

"ይዛለች፣ እትዬ!"

እልልታዋ ማሳ ላይ ያለውን ሁሉ ቀና አደረገው። በላይ የሌላ ሰው በሬ ቅርጫ ገባ፤ በማግሥቱም ማንም ሳይጠይቀው አገዳ አስጭኖ ላከ።

በጥቅምት ቡሬ ወለደች፤ ያውም ሴት ጥጃ። እንገሩ ለጎረቤት ተዳረሰ፤ ዘነበች ሁለት ጊዜ ተመልሳ መጣች።

ወተቱ ሲጠራ ደብሪቱ ዕቃዋን ሞልታ በባጃጅ ሮቢት ወረደች። በዚያ አገር ላም ስንት እንደምትታለብ አይነገርም፤ ዓይን ይፈራል፤ የተጠየቀ ሁሉ "እሱ ያውቃል" ብሎ ያልፋል። ወተቱን የምትረከባት የሻይ ቤቷ ባለቤት ናፊሳ ክዳኑን ከፍታ አየችና "ማሻአላህ! በቀን ስንት ትታለባለች?" አለቻት።

ደብሪቱ ወገቧን ያዘች። መንገደኛው ሁሉ ዞር እስኪል ድረስ፦

"ዐሥራ አንድ ሊትር!" አለች። "ጥጃዋ የምትጠባውን ሳልቆጥር!"