በወንድሟ አፍ

የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኞች «ወይዘሪት» ይሏታል። ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት። ሥራ በጀመረች ሰሞን አንዷ «ሚስኪኗ፣ እስቲ ፎጣውን አቀብይኝ» ብትላት፣ ፎጣውን እንደያዘች ቀጥ አለችና «ወይዘሪት በይኝ» አለቻት። ይህን ለማለት ጊዜ ፈጀባት። ከተወለደች ጀምሮ ምላሷ አይታዘዝላትም፤ ግራ እጇ ደረቷ ላይ እንደተጣጠፈ የቀረ ነው፤ የምትሄደውም በክራንች ነው። ሴትዮዋ ነገሩ እስኪገባት ደጋግማ አስባለቻት። ሲገባት ሳቀች፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ወይዘሪት ኩራቷ የወሬ አልነበረም። ትልቁን ፎጣ አገጯ ስር ሸጉጣ፣ በቀኝ እጇ ዘርግታ፣ በክርኗ ተጭና ስታጥፈው ጠርዙ ከጠርዙ ልክክ ይላል። «እኔ እንዲህ ነኝ» ትላለች ከጎኗ ለምትሠራው ልብስ ተኳሽ፤ «ሌላ ገላ ቢሰጡኝ እንኳ ማን ይለምደዋል?» ልብስ ተኳሿ አብራት ስለምትውል ንግግሯን ለምዳዋለች። ከእሷና ከታላቅ ወንድሟ በቀር የምትለው የሚገባው ሰው አልነበረም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ከወንድሟና ከሚስቱ ጋር ነው የምትኖረው። ወንድሟ የዚያው ሆቴል ዘበኛ ነው።

ከዚያ ማጠቢያ ማሽኖቹና እሷ የምታጥፍበት ጠረጴዛ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። የሚያስወርደው ደረጃ ጠባብና ቁልቁል ነው፤ መደገፊያም የለው። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ስለሆነ አላባረራትም። እንግዳ መቀበያው ጥግ ወንበር አስቀመጠላትና «አንቺ እዚህ ዐረፍ በይ፣ ደመወዝሽ አይቀርም» አላት። የሚገባው የሚወጣው ሁሉ ከንፈር ይመጥላት ጀመር። ተጎልታ ስትውል ቀኝ እጇ ሥራ ፍለጋ የቀሚሷን ጫፍ ያጥፋል፣ ይፈታል።

«ጠረጴዛዬን ወደ ላይ ያውጡልኝ በላቸው፤ እዚሁ ላጥፍ» አለችው ወንድሟን።

«እነግራቸዋለሁ» አላት። አልነገራቸውም።

የሆቴሉ አዲሱ ክንፍ ሲመረቅ አዳራሹ በሰው ጢም አለ። ሥራ አስኪያጁ ሪባን የታሰረበት አዲስ ተሽከርካሪ ወንበር አስመጣላት። «ይህች እህታችን የጽናት ምሳሌያችን ናት» አለና ማይክሮፎኑን ዘረጋላት፤ እንዲያስረዳላትም ወንድሟን ከበር አስጠራው።

ወይዘሪት ሰው ፊት ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ክራንቿን አጥብቃ ይዛ ቆመች። «በራሴ አላፍርም» አለች። «ወንበርማ መቼ አጣሁ፤ ተቀምጬ አይደል የከረምኩት? ጠረጴዛዬን ወደ ላይ አውጡልኝ። መሥራት ነው የምፈልገው።»

ወንድሟ ሥራ አስኪያጁን አየ፤ ሰዉን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለተደረገልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ ነው የምትለው» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጆሮዋ ደህና ነው፤ አጥርታ ሰምታለች።

«አላልኩም» አለች። ለሌላው ሰው ጉርምርምታ ብቻ ነበር። «እንዲህ አላልኩም።»

«ደስታው በዝቶባት ነው» አለ ወንድሟ፤ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። ከፊት ከተቀመጡት አንዳንዶቹ ዐይናቸውን ጠረጉ። ወይዘሪት በሰዉ መሃል ልብስ ተኳሿን ፈለገቻት። ከኋላ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እሷ እያንዳንዷ ቃል ገብታታለች። ዐይን ለዐይን ሲገጣጠሙ ልብስ ተኳሿ አንገቷን ደፋች።

ቤት እንደገቡ ወንድሟ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለ። «ምን አድርግ ነው የምትይኝ? ሁለታችንም ሜዳ ላይ እንድንወድቅ ነው?»

«ያልኩትን ድገመው» አለችው።

«አሁን ምን ሊረባ?»

«እዚህ ሥራ አስኪያጅ የለም። ድገመው።»

አቀርቅሮ ደገመው። አንዲት ቃል አልሳተም። ሚስቱ ድስቱን እንዳንጠለጠለች ቆማ ሰማች። ወይዘሪት እስኪጨርስ ጠበቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ንገርልኝ ብላው አታውቅም።

ተሽከርካሪ ወንበሩ በቤታቸው በር አልገባ ብሎ ውጭ ላስቲክ ለብሶ ቀረ። ሪባኑ አጠገብ የተነሳችው ፎቶ ተለቅ ብላ ታጥባ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለች። ፎቶዋ ከተሰቀለች ወዲህ እሷ ራሷ አላስፈለገችም መሰል፤ ሥራ አስኪያጁ በዚያው ለስላሳ አንደበቱ «ከእንግዲህ ቤትሽ ብታርፊ ይሻልሻል» አላት። ልብስ ተኳሿ አንድ ቀን ልትጠይቃት መጥታ ብዙ ተቀመጠች፣ ብዙም ሳታወራ ሄደች።

አሁን ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን በአንድ እጇ አበጥራ ትወጣለች። የልብስ ማጠቢያ ቤቶችን እየዞረች ፎጣ ማጠፍ እንደምትችል ትናገራለች። «ምን አለች?» ይባባላሉ። ከመጀመሪያው ትጀምርላቸዋለች። አንዳንዱ ሳትጨርስ ሳንቲም ያወጣል፤ አትቀበልም። ሌላው «ከሰው ጋር ነይ» ይላታል።

ወንድሟ «ልምጣልሽ?» ይላታል፤ በእምቢታ ራሷን ትነቀንቃለች። ብቻዋን ትሄዳለች፣ ብቻዋን ትመለሳለች። እስካሁን የቀጠራት የለም።