ከእማማ ዘነበች ጠርሙስ ሥር ያነበብኩት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አሜሪካ፣ ሜስኪት የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ፣ ክፉ ሳላስብ፣ እንዲያውም ዕውቀቴን ላሳይ ብዬ፣ አንዲት እናት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው የያዙትን ነገር ከእጃቸው ስላስጣልኳቸው ነው።

የምሠራው ግራንድ ፕሬሪ በምትባል ሌላ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ደጃቸው ላይ ዘርግተው የሚሸጡበት ቦታ እየዞርኩ የድሮ የለስላሳ ጠርሙስ እሰበስባለሁ። ባለቤቴ ሊዲያ "ሰው አሜሪካ መጥቶ ይማራል፣ የኔ ባል ቆራሌው ሆኖ ቀረ!" እያለች ትስቅብኛለች። ስሙ ቤተ ክርስቲያናችን ድረስ ዘልቋል።

ሙያውን ያስተማረኝ አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ነው። ጠርሙስ ስታገኝ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ መጀመሪያ ቂጡን እይ ነው ያለኝ። እዚያ የሠራው ፋብሪካ ምልክት አለ። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ከምልክቱ አጠገብ የተሠሩበት ዓመት ሁለት ቁጥር ሆኖ ይገኛል። ሰው ዕድሜውን ይደብቃል፤ ጠርሙስ ግን ልደቱን ተሸክሞ ነው የሚዞረው። እኔም ይህን ማወቄ ያኮራኝ ነበር።

እማማ ዘነበች ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የሚጠጋ የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው። የሚኖሩት ሆስፒታል ከምትሠራው ልጃቸው ከእህት ትዕግሥት ጋር ነው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ንቁ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር ከሁሉም ቀድመው ቀና የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ያን እሑድ የቤት ኅብረታችን እነሱ ዘንድ ነበር። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲበተን እማማ እጄን ያዙኝ።

"የጠርሙስ አዋቂው አንተ ነህ አሉ?"

"ኧረ እማማ፣ ሊዲያ ናት የምታወራብኝ።"

"ና እስቲ፣ የኔንም እይልኝ።"

መኝታ ቤታቸው ወሰዱኝና ከነጭ ጨርቅ ውስጥ አንድ የለስላሳ ጠርሙስ አወጡ። ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ነው። ታሪኩንም ነገሩኝ። የመጀመሪያ ልጃቸው ዳንኤል በዚያ ክፉ ዘመን አንድ ቀን ለስላሳውን ጠጥቶ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና "መጣሁ" ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ። ሬሳውም ወሬውም አልተገኘም። ባለ ሱቁ ጠርሙሴን መልሱ እያለ ቢመላለስም እማማ እምቢ አሉ። የልጄ አፍ የነካው ነው ብለው፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሲጸልዩ የጠርሙሱን አፍ ይስሙታል።

"ከሥሩ ጽሑፍ እንዳለው በጣቴ ይታወቀኛል" አሉኝ። "ሳልሞት ምን እንደሚል ልወቅ ብዬ ነው።"

ሥሩ በመፋተግ ብዛት ደብዝዟል። ወረቀት አስደግፌ በእርሳስ ስቀባው ምልክቱ ጥርት ብሎ ወጣ። የማውቀው የውጭ አገር ፋብሪካ ነበር። ደስ አለኝ። ምንም ሳላስብ ጮክ ብዬ "የፈረንጅ ጠርሙስ ነው እማማ! የተሠራውም በሰባ ዘጠኝ ነው" አልኩ።

"በፈረንጅ ሰባ ዘጠኝ?"

"አዎ።"

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። "በኛ ሰባ አንድ... ወይ ሰባ ሁለት።" ጣታቸው ቆመ። "ዳንኤል የወጣው እኮ በስድሳ ዘጠኝ ነው።"

ያኔ ነው የገባኝ። የቁጥሩ ቅርጽ ጠፍቶ ይሆናል፣ ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ነገር ግን ወረቀቱ በእጄ ነበር።

በዚህ መሃል እህት ትዕግሥት በሩን ከፍታ "ሶሪ ወንድሜ፣ መኪናህን ሙቭ ታደርግልኛለህ? ጎረቤታችንን ብሎክ አድርገህ..." ብላ ሳትጨርስ ጠርሙሱን፣ ወረቀቱንና የእናቷን ፊት አየች። ወዲያው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ" አለች። "የእድሩ ሽማግሌዎች የመጡ ቀን ነው። አንደኛው ጠላ አይጠጡም ብለሽ ለስላሳ እንዳመጣ ላክሽኝ። ባለ ሱቁ ባዶ ጠርሙስ ካላመጣሽ አልሰጥሽም አለኝ። ቤት ውስጥ ከዳንኤል ጠርሙስ ሌላ አልነበረም። ልጅ ነበርኩ፣ ሁሉም አንድ ነው ብዬ የሱን ሰጠሁት... ሲጨርሱ አዲሱን አጥቤ በቦታው አስቀመጥኩት።"

እማማ የጠርሙሱን አፍ በጣታቸው ዳሰሱ። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ እመርጥ ነበር።

"እና እኔ ስስም የኖርኩት የሽማግሌውን ነዋ" አሉ በመጨረሻ።

ትዕግሥት ከልቅሶዋ ጋር እየታገለች ነገሩን ያስረዳችኝ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ያን ቀን የመጡት "ልጅሽ ሞቷል፣ እርምሽን አውጪ" ሊሏቸው ነበር። እማማ ግን ልጄ ይመጣል ብለው ለቅሶ አልቀመጥም አሉ። ከዚያ ወዲህ ማንም ደፍሮ አላነሣባቸውም፤ እሳቸውም በር በተንኳኳ ቁጥር ዳንኤል ነው ብለው ቀና ሲሉ ኖሩ።

በሳምንቱ ትዕግሥት ደወለችልኝ። "እማዬ ለቅሶ ልቀመጥ ብላለች፣ እባክህ ናልን" አለችኝ።

እንዳልሄድ አፈርኩ፣ እንዳልቀር ፈራሁ፤ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ወንበር መጥቷል፣ መኪና መንገዱን ሞልቶታል። ፓርክ ሳደርግ ጎረቤታቸው ማን እንደሞተ ጠየቀኝ። ወንድ ልጃቸው ነው አልኩት። መቼ ነው የሞተው ሲለኝ "ቆይቷል" ብዬው ገባሁ።

እማማ ጥቁር ለብሰዋል። ስሙን እየጠሩ ዛሬ እንደተረዱ ሰው ሆነው አለቀሱ። ትዕግሥት እግራቸው ሥር ተቀምጣለች፤ እጃቸው ከራሷ ላይ አልተነሣም። ልሰናበታቸው ስጠጋ ጨርቁን ከነጠርሙሱ አቀበሉኝ።

"የዳንኤልን ልጄ ድሮ መልሳዋለች" አሉኝ። "ይሄን አንተ ውሰድልኝ። የሰው ዕቃ ቤቴ አይደር።"

አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጠርሙሱ አሁን እኔ ቤት፣ እንደተጠቀለለ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ መዞሩን ትቻለሁ። ሊዲያም ዳግመኛ ቆራሌው አላለችኝም። አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "እንዲያውም ገላገልካቸው" ይሉኛል። እኔ ግን እንደዚያ አይሰማኝም።

ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ካንኳኳሁ በኋላ በመስኮቱ በኩል አየኋቸው፤ በሩ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እንዳልሰሙ መስሎኝ ደግሜ፣ ጠንከር አድርጌ አንኳኳሁ። ሰምተዋል፤ "ትዕግሥት፣ በር ተንኳኳ" ሲሉ ሰማኋቸው። ቀና ግን አላሉም።